የድሮ ዋጋና የመንገድ ዳር ሰው

ያረጀ መጽሔት የሚያገላብጥ ሰው ዓይኑ ከዜናው ይልቅ በማስታወቂያው ላይ ማረፉ የታወቀ ነው። በተለይ የመኪና ማስታወቂያ ልብ ይሰርቃል፤ ጣሪያው የተገለጠ ባለሁለት መቀመጫ መኪና፣ ነፋስ ያወዛወዘው ሻሽ፣ አንድም እግረኛ የማይታይበት ጎዳና፣ ከግርጌውም ዛሬ ቀልድ የሚመስል ዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1961 በጀኔቫ ለዓለም የታየው ጃጓር ኢ-ታይፕ በእንግሊዝ አገር የተሸጠው ከ2,100 ፓውንድ ብዙም ባልራቀ ሒሳብ ነበር። ቮልስዋገንም በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ 1,595 ዶላር ያወጣ ነበር። አንድ ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ በሚመነዘርበት ዘመን ይህ፣ የመርከብና የቀረጥ ወጪው ሳይታከል፣ 4,000 ብር አይሞላም። ይህን አንብቦ «ምነው በዚያ ዘመን በነበርኩ!» የማይል ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ናፍቆት ሊመረመር ይገባዋል። በማስታወቂያው ላይ የታተመው ቁጥር ብቻውን ቆሞ የሚናገር ነገር የለውም። ዋጋ በዕቃው ላይ የተለጠፈ ባሕርይ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ የገዢው ገቢ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመሬቱ ባለቤትነት በውስጡ ተሸሽገዋል። የቮልስዋገን የራሱ ታሪክ ለዚህ ይመሰክራል። የናዚ መንግሥት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪናዋን በ990 ማርክ ለሠራተኛው እንደሚያድል አስነግሮ ነበር። ከ3 መቶ ሺህ የሚበልጡ ጀርመናውያን በየሳምንቱ 5 ማርክ ለቴምብር እየከፈሉ ቆጠቡ፤ ጦርነቱ መጣ፣ ፋብሪካው ለሠራዊቱ ሠራ፣ ከቆጣቢዎቹም መኪናዋን የተረከበ አንድ አልነበረም። ከዚያ ይበልጥ ርካሽ ዋጋ፣ ከዚያም ይበልጥ ባዶ ዋጋ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ነገሩ ይከብዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጣርማ በር ዋሻ አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ይወርድና ቆላማውን ምድር አቋርጦ ከሚሴ ይደርሳል። በአንድ ወገን የጨፋ ረግረግ፣ የቦርከና ወንዝ፣ ከብቱና ግመሉ፤ በሌላው ወገን የማሽላ ማሳ የተንጣለለበት ተዳፋት። ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በቃሉ አውራጃ ሥር ለነበረው የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬ መኪና ማለት በአቧራው መካከል እያቃሰተ የሚያልፍ ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ ወይም ሰውና ዶሮ የጫነ ሎንችና ነበር። የማስታወቂያው ቄንጠኛ መኪና የሚሄድበት ጎዳና ግን ይኸው ጎዳና ነው፤ ሌላ የለም።

በ1965 ዓ.ም. ይህ ጎዳና ባዶ አልነበረም። በድርቅ የተመታው የወሎ ገበሬ ከቀዬው ተነቅሎ በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፎ አውቶቡሱንና የቤት መኪናውን እያስቆመ እንጀራ ለመነ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ ያስተዋለው ነገር ለዚህ ጭብጥ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ በዚያ ዘመን ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ሰው ግን አለቀ። ምርቱ የከሸፈበት ጭሰኛ በእጁ የሚሸጠው ስላልነበረው ርካሹ እህል ለእርሱ ከጃጓሩ እኩል ሩቅ ሆነበት።

«ያኔ ሁሉ ርካሽ ነበር» የሚለው አነጋገር በዚህ መንገድ ዳር ሲነገር እንደምን ያለ ድፍረት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። ለመኪና ባለቤቱም ቢሆን ጸጥታው አልዘለቀም፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ ከመምህራኑና ከወታደሩ እንቢታ ጋር ተዳምሮም ዘውዱን አናጋው። የሥርዓት ለውጥ ብቻውን የመንገድ ዳሩን ሰው አልታደገውም። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በ1977 ዓ.ም. መባቻ በድምቀት ሲከበር ከከሚሴ የማይርቀው የባቲ መጠለያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በረኃብተኛ ተጥለቅልቋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ናፍቆቱ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያ ያለው ፍርድ ችኩል ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገለች ቮልስ እንደገና ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ ታድሶ ስትታይ የሚደሰት ሰው የሚያደንቀው ዋጋዋን ብቻ አይደለም። ሞተሯ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ውኃ አትሻም፤ ተራ መካኒክ በጥቂት መፍቻ ፈትቶ ይገጥማታል። ዕቃ ሲሠራ እንዲኖር፣ ሲሰበርም እንዲጠገን ታስቦ መሠራቱን መናፈቅ ሠሪውን ማክበር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአሮጌ መኪና ማስመጣት ላይ የተጣለው ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ በሚሠሩ የቤት መኪኖች ላይ የወረደው የማስገባት እገዳ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲመነዘር መወሰኑ እንዲህ ያለውን ናፍቆት አባብሰውታል። ሠዓሊውና ፎቶ አንሺው ይህን ውበት ቢያነሱት የሚነቀፉ አይደሉም፤ የሚነቀፉት ጎዳናውን ለሥዕሉ ማማር ሲሉ ከሰው ሲያጸዱት ነው።

ዋጋን ማንበብ የሚያውቅ ሰው በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ይገኛል። ወይፈኑን ወይም ግመሉን ይዞ ከቆላ የወጣ አርብቶ አደር የሚጠራው ሒሳብ በብር ይሁን እንጂ በልቡ የሚመዝነው ስንት ኩንታል ማሽላ እንደሚያስጭነው ነው። በ1965 ዓ.ም. አርብቶ አደሩን የጣለውም ይኸው ምንዛሪ ነበር፤ ከብቱ ግጦሽ አጥቶ አለቀ፣ ከሞት የተረፈውም ገበያ ሲወጣ የሚለወጥበት እህል በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ።