ልጅቷን ማን ጠየቃት?

ልጄ፣ እናንተ የጉኑኖ ወጣቶች የህንድ ፊልም እንደምትወዱ አውቃለሁ። በአማርኛ የተተረጎመውን፣ የቴሉጉውንም ጭምር፣ ማታ ማታ በስልካችሁ ታያላችሁ። አልነቅፋችሁም። የትዳር ፊልሞቹ እኔንም ያስለቅሱኛል። ሙሽራይቱ ለወንድሟ ስትል የምትወደውን ሰው ትተዋለች፣ ለባሏ ቤት ስትል ትምህርቷን ታቋርጣለች፣ ቤተ ዘመዱ ይመርቃታል፣ ዘፈኑ ይደምቃል፣ ፊልሙ ያልቃል። መሥዋዕትነት ክቡር ነገር ነው። ግን ዋጋውን የምትከፍለውን ልጅ ማን ጠየቃት?

የቴሉጉ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ህንዶች ራሳቸው ይህን ጥያቄ ድሮ አንስተውታል። ጉራጃዳ አፓራኦ የጻፈው «ካንያሱልካም» የተባለ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1892 በቪዚያናጋራም መድረክ ላይ ታየ፤ በ1955 ደግሞ ፊልም ሆነ። በተውኔቱ አንድ አባት ሕጻን ልጁን፣ ሱቢን፣ ገንዘብ ተቀብሎ ላረጀ ሰው ሊድር ይስማማል። ቀልዱ ብዙ ነው፤ ሳቁ ግን ይቆረቁራል። ሰጪና ተቀባይ በዋጋ ሲከራከሩ ሱቢ የገበያ ዕቃ ሆና ቀርታለች።

የሰው አገር ታሪክ ነው ብለህ እንዳትንቀው፣ ወደ እኛው ልመልስህ። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ስሟን አልጠራም፤ ሳትጠየቅ ብዙ ተጠርቷል። ጠላፊው ሊያገባት ፈልጎ ነበር። ደፈራት፣ ዘጋባት። ልጅቷ ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዷት ተኮሰች፤ ሰውየው ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም በል። ያ ሰው ክፉ ሥራ ሠራ፤ እርሱ ግን አባቶቹ ያደረጉትን ያደረገ መስሎት ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንኳ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከክስ እንዲድን በር ይከፍት ነበር። ወጉም ሕጉም ከጎኑ የቆሙ መሰለው። «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ጠይቆ «እንቢ» የሚለውን መልስ ቢቀበል ኖሮ እርሱ በሕይወት ይኖር ነበር፣ እርሷም ልጅነቷን አታጣም ነበር። የወንድ ልጅ ኩራት ውድ ነው ይባላል። እንዲህ ውድ መሆኑን ግን ስንቱ ያውቃል?

ልጅቷ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቆሙላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ይሁን እንጂ ነጻ መውጣትና ወደ ቤት መመለስ አንድ አይደሉም። የአገር ሽማግሌዎች ከቀዬዋ እንድትርቅ ወስነውባት ነበር። ያደገችበትን መንደር፣ የእናቷን ደጅ አጣች። ሽማግሌዎቹ ደም እንዳይፋሰስ አስበው ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም ልል እፈልጋለሁ፣ ግን አልችልም። የሰላሙን ዋጋ ከሁሉም የተበደለችው እንድትከፍል አደረጉ፤ እርሷን አሁንም የጠየቀ የለም።

ሕጉ ተማረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 አደረገ፤ ቀድሞ ለሴት 15 ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም ያንን በር ዘጋው። ዛሬ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አያድነውም።

የዚያች የአርሲ ልጅ ታሪክ በፊልም ሠሪው በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እጅ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል፣ ቀጥሎም በበርሊን የተመልካች ሽልማት አገኘ። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቆመ። ከሳሿ ያችው ልጅ ነበረች፤ አድጋ ሴት ሆናለች። ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ አለች። ልጄ፣ ይህን ልብ በል። ፊልሙ ለሴቶች መብት የቆመ ነው፤ ጥሩ ፊልምም ነው። የሚወደንና የሚቆረቆርልን ሰው እንኳ መጠየቅን ሊረሳ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጠለፋ ድሮ ቀረ ትለኛለህ። እሺ። ግን መሬታችን ጠባብ ነው፤ አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው እንሰትና ቡና እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ሴቷ ቶሎ አግቢ ትባላለች፤ ወይም ወንድሟ እንዲማር እርሷ ደብተሯን ታስቀምጣለች፤ ወይም አረብ አገር ሄዳ ለቤት መሥሪያ እንድትልክ ይመከራል። ጥሎሹ ላይ ሁለት አባቶች ይነጋገራሉ፤ እርሷ ቡና ታቀርባለች። ዝም ካለች ተስማማች ይባላል። አባቷ ፊት ዝም ያለች ልጅ መስማማቷን በምን ታውቃለህ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ይመሠረታል ይላል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ለትዳሯ ብላ ራሷ መርጣ የምትደክም ሴት አለች፤ እናትህ አንዷ ናት፤ ክብር ይገባታል። አንተ ግን የሌላን ሰው መሥዋዕትነት ሳትጠይቅ አትቁጠረው። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ልጅቷን ራሷን፣ አባትና ወንድም በሌሉበት፣ እንቢ ማለት በምትችልበት ቦታ ጠይቃት። ትምህርቷን መጨረስ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት፤ እጠብቅሻለሁ ካልክም ጠብቅ። እንቢ ካለችህ ሽማግሌዎቹን ከቤታቸው እንዳይነሡ ንገራቸው።