በጓሳ ጫፍ ያለው ቤት

አንድ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ነበረ። አዲስ አበባ ተወልዶ አደገ፤ አለ ፈለገሰላም ኅሩይ በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። አብረውት የተማሩት ወደ ዘይት ቀለምና ወደ አክሪሊክ ሲያደሉ እሱ ከውሃ ቀለም ጋር ቀረ። እግሩ መንገድ ይወዳል፤ የውሃ ቀለም ደግሞ ለመንገደኛ ይመቻል። አንዲት ትንሽ የቀለም ሣጥን፣ ሁለት ሦስት ብሩሽ፣ በሃይላንድ የተሞላ ውሃ፣ ጣውላ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወፍራም የጥጥ ወረቀት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው አውቶቡስ መሳፈር ነው።

መስቀል ካለፈ ቤት አያስቀምጠውም። ጥቅምትን አንኮበር ወይም ጣርማ በር፣ ኅዳርን የዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ገናን ላስታ፣ ከጥምቀት በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይ ያሳልፋል። በልግ ሲገባ ይመለስና ከንድፍ ደብተሮቹ እየመረጠ ትልልቁን ይሠራል፤ መስተዋትና ክፈፍ ያስገባል፤ ከፋሲካ በኋላ ዐውደ ርእይ ይከፍታል። ገዢ አጥቶ አያውቅም። ባለ ሆቴሎች ይገዙታል፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖች ይገዙታል። ሥዕሎቹ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «እንዴት ጸጥ ይላል!»

ጸጥታው የሚገኝበትን መንገድ ሠዓሊው ያውቃል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ አይሥልም። ባሕር ዛፍ አይሥልም፤ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የገባ ዛፍ ስለሆነ ለጥንታዊ ተራራ አይመጥንም ይላል። ከሁሉም በላይ የቆርቆሮ ጣራ አይሥልም። እንዲህ ማድረጉ ውሸት ነው ብሎ አያምንም፤ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ የሚያነሣውን አንሥቶ የሚተወውን መተዉ የጥንት ልማድ ነውና።

ሚስት አለችው፣ ባንክ ቤት የምትሠራ። አንዲት ሴት ልጅም አለችው። ይወዳቸዋል። ከላስታ ነጭ ማር፣ ከመንዝ ባና ይዞላቸው ይመጣል። የሚሰጣቸው ቀን ግን ከጉዞውና ከዐውደ ርእዩ የተረፈውን ነው። የልጅቱ ልደት ሲደርስ፣ የዘመድ ሠርግ ሲጠራ፣ ባለቤቱ አንድ ነገር አብረው እንዲወስኑ ስትፈልግ፣ መልሱ «ይህ ዐውደ ርእይ ይለፍና» ነው። ይህን ሲል ከልቡ ነው፤ ቀኑ የሚተርፍ ይመስለዋል።

ባንድ ጥቅምት ወደ መንዝ ወጣ። ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ላይ ጓሳ ተዘርግቶ ይገኛል። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው፤ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ቤት የሚከደንበት ሣር። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል። የጭላዳ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ዕድለኛ የሆነ ሰው ቀይ ቀበሮ ለአይጥ ስታደባ ያያል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከዚያ ከታች ጉም እየተነሣ አፋፉን ያለብሰዋል።

እዚያ ከፍታ ላይ በውሃ ቀለም መሥራት ትዕግሥት ይፈልጋል። ማለዳ ከጉሙ እርጥበት የተነሣ የመጀመሪያው ስስ ቀለም አልደርቅ ይላል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩና ነፋሱ ተባብረው፣ አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር ሳይዋሐድ ያደርቁታል። በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ሰዓት ናት የሠዓሊው። በዚያች ሰዓት ሰማያዊውን የሩቅ ጋራ አለበሰ፤ ገደሉን በስስ ግራጫ አወረደ፤ ወደ ሣሩ መጣ። በሣሩ ጫፍ፣ ከጥቂት ባሕር ዛፎች ሥር፣ አዲስ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ነበረ። ፀሐይ መትታው ያበራል። ካለው ነገር ሁሉ የሚያበራው እሱ ስለነበረ ዓይን ወደ ራሱ ይጎትታል። ሠዓሊው ሰፊውን ብሩሽ ቢጫማው ኦከር ቀለም ውስጥ ነክሮ በላዩ ላይ አሳለፈበት። ቤቱ ሣር ሆነ።

አንድ ሽማግሌ ባናቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላው ቆመው ኖሯል። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ብሩሹን ሲያስቀምጥ ጠጋ አሉ።

«እጅህን ይባርከው ልጄ። ይኼ ገደሉ ነው፣ አወቅሁት። ይኼ የቆላው ጉም ነው። ቤቴ ወዴት ነው?»

«የትኛው ነው የእርስዎ ቤት፣ አባባ?»

ሽማግሌው በዱላቸው ወደሚያበራው ጣራ አመለከቱ።

«እሱን አስቀረሁት» አለ ሠዓሊው በአክብሮት። «ሥዕሉ ሰው ያልነካውን ምድር እንዲያሳይ ብዬ ነው።»

«ሰው ያልነካው?» ሽማግሌው ወደ ሜዳው ዞሩ። «ይኼን ሣር ሰው ያልነካው፣ አትንኩ የሚል ሰው ስላለ እኮ ነው። አያቶቻችን ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ሲያስጠብቁት ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር። ከብት አይገባ፣ ማጭድ አይገባ። ጊዜው ደርሶ ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድናል። ከጊዜው ቀድሞ አጭዶ የከደነ ሰው ጣራው ይቃጠልበት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። በደርግ ጊዜ መሬቱ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ላላ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ እንደገና ተሰብስበን፣ ጠባቂ አቁመን ነው የተመለሰ። አንተ ያየኸው ጓሳ ያ ነው።»

ሠዓሊው መልስ አላገኘም።

«ቤቱንም ቢሆን» አሉ ሽማግሌው፣ «እስተ አምና በጓሳ ነበር የተከደነው። ቆርቆሮውን የላከችው ልጄ ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ጣራውን ገና በዓይኗ አላየችውም። እስቲ አስገባልኝና የከተማ ሰው ይየው።»

ሠዓሊው ሊያስገባላቸው ከልቡ ፈለገ። ችግሩ የውሃ ቀለም ራሱ ነው። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው የረሳውን ብርሃን መጨረሻ ላይ በነጭ ቀለም ይጨምራል። የውሃ ቀለም ሠዓሊ የሚተማመንበት ነጭ ወረቀቱ ብቻ ነው። ጉምም ይሁን ነጠላ፣ የወንዝ ብልጭታም ይሁን የጣራ ነጸብራቅ፣ የሚያበራው ነገር ሁሉ ብሩሽ ያልደረሰበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ቀለም ከመበጥበጡ በፊት፣ የሚያበራውን ለይቶ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ከልሎ ነው። ከዚያ ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ ይኬዳል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሽፍን ያለ ነጭ ቀለም መደረብ ይቻላል፤ እሱም ቢሆን እንደ ኖራ ይደርቃል እንጂ አያበራም።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ወረቀት በጥፍሩ እየፋቀ ብርሃን ያወጣ ነበር ሲባል ሠዓሊው ትምህርት ቤት ሰምቷል። ከቦርሳው ምላጭ አወጣና ኦከሩን በጥንቃቄ ይፍቅ ጀመር። ጥቂት ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ የወረቀቱ ገጽ ግን ተነሥቶ ጠጉር አወጣ። ጣራው ያለበት ቦታ የተላጠ ቁስል መሰለ። ምላጩን አስቀመጠ።

«አልሆነልህም» አሉ ሽማግሌው።

«አልሆነም አባባ። ቀድሞ ነው ቦታው መተው የነበረበት። አንዴ ቀለም ከለበሰ አይመለስም።»

«እንግዲያ ሳትጀምር መጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉ፤ ከዚያም የተቆላ ገብስና ጠላ አለ ብለው ወደ ቤት ወሰዱት። ጣራው ሥር ተቀምጦ ጠጣ። ውስጡ በቆርቆሮው ምክንያት ከበፊቱ ይበርዳል ብለው ባለቤታቸው አጫወቱት፤ ግን ዝናብ አያስገባም፣ በየጊዜው ክደናም አይፈልግም።

ሥዕሉን ወደ ራሱ ቤት ይዞ መጣ። ባለቤቱ ከሌሎቹ መሐል ለይታ አነሣችው።

«ምን ነካው ይኼን?»

ነገራት። ሽማግሌውን፣ ልጃቸውን፣ ምላጩን። የተፋቀውን ቦታ በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ዐውደ ርእዩ የሚከፈትበት ቀን ከልጃቸው ምርቃት ጋር ገጥሟል አለችው።

«ጠዋት ምርቃቱ ላይ ብቅ እላለሁ፤ ሥዕል መስቀሉ ካለቀ» አለ። «ጊዜ ከተረፈ።»

«ለሽማግሌው ምን ነበር ያልካቸው?» አለች።

ሳትቆጣ ነው የጠየቀችው፤ መልሱን ለመስማት ነበር። ሠዓሊው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ስልኩን አንሥቶ አዳራሹ ጋ ደወለ። የተሰጠው ሌላ ቀን ዘግይቶ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። በዝናቡ ምክንያት የመጣው ሰው ካለፉት ዓመታት አነሰ፤ የተሸጠውም አነሰ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ዋጋ ተከፍሎበታል።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ፣ አንድም አውቶቡስ ሳይሳፈር፣ ባለቤቱና ልጁ አጠገቡ ተቀምጠው የቀን መቁጠሪያው ላይ በቤተሰቡ ቀኖች ምልክት አደረጉ። የቀረው ቀን የጉዞ ሆነ። ጥቅምት ላይ ወደ ጓሳ ሲወጣ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሽማግሌው ቤት ነው። አብረው አፋፉ ላይ ቆመው ጣራዎቹን አንድ በአንድ አሳዩት፤ ይኼ የወንድሜ፣ ያ የቄሱ፣ ያኛው ባሏ የሞተባት ሴት ቤት። እያንዳንዱን በእርሳስ ከልሎ፣ ዙሪያውን እየዞረ ቀለም አለበሰ። ሲጨርስ ጣራዎቹ በወረቀቱ ንጣት አበሩ፤ ተራራውም አላነሰም።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ሰምተው «ሥራ ቀንስ፣ ቤትህን አስብ» የሚል ምክር የሚያወጡለት አሉ። እኔ እንደዚያ አልሰማውም። ሠዓሊው መጓዙን አልተወም፤ ተራራውንም አላሳነሰም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ፊትም ፍቅር አልጎደለውም ነበር፤ ያጠፋው፣ ሌላው ሁሉ ከተቀባ በኋላ ለፍቅር ቦታ ይተርፋል ብሎ ማሰቡ ነው። የልጅ ዕድገት የሚደረብበት ነጭ ቀለም የለውም። በምላጭ ፍቆ ማውጣት የሚሞክር አባት ብዙ አይቻለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ትልቅ ስጦታ ይዞ የሚመጣ፣ ካደገች ልጁ ጋር የልጅነት ጨዋታ የሚፈልግ። ወረቀቱ ይቆስላል።

ጥበብ ቤት ያፈርሳል፣ ቤትም ጥበብ ይገድላል የሚለውን አባባልም አልቀበለውም። በእንግሊዝ የውሃ ቀለም ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ኮክስ (1783–1859 እ.ኤ.አ.) ከ1814 ጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ ኸርፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥዕል እያስተማረ ቤቱን አስተዳደረ። አንድ ልጁም የአባቱን ስምና ሙያ ወርሶ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ሆነ። አባትየው በስተርጅና ከ1844 እስከ 1856 በየዓመቱ ዌልስ ውስጥ ወዳለችው ወደ ቤትስ ኢ ኮይድ መንደር ይመላለስ ነበር። ቤተሰቡን እያኖረ ያስተማረባቸው ዓመታት የዌልስን ነፋሻማ ሰማይ ከመሣል አላገዱትም።

መንዞችም ጓሳን ያቆዩት በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ከማጨዳቸው በፊት በመዝጋት ነው። ሣር የተረፈላቸው አስቀድመው ስለተዉት ነው፤ ሁሉም እንዳሻው ካጨደ በኋላ የሚተርፍ ሣር አይኖርም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለሥዕል ወዳጆች። የደጋው ምድራችን ውበት ከሰው ጋር የተሠራ ነው፤ እርከኑ፣ ማሳው፣ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቀረው ጥድ፣ የሚጠበቀው ሣር። ሠዓሊዎቻችን ጣራውን የሚያጠፉት ገዢ ባዶ ተራራ ይወዳል ብለው ነው። ከገዢዎቹ መካከል ግን በስደት የሚኖሩ ልጆቻችን አሉበት፤ ከዋሺንግተንም ከቤይሩትም እየላኩ የእናት የአባታቸውን ቤት ቆርቆሮ ያለበሱ። ተራራውን ሳሎናቸው ውስጥ ሲሰቅሉ ጣራውም እንዲኖርበት ሠዓሊውን ይጠይቁት፤ የከፈሉበት እነሱ ናቸው።