ሰው የሌለው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት የሚነበበውን ወንጌል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ (ዮሐ. 5)። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። ጌታችን ቀርቦ መዳን ይወድ እንደሆነ ጠየቀው። እስቲ መልሱን ልብ በሉት። ሰውየው ስለ እግሩ አላወራም፤ ስለ ሕመሙም አላማረረም። ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው የነገረው።

ይህን በየዓመቱ ሰምተን ወደ ቤታችን እንገባለን። እኔም እንዲሁ ስሰማና ስገባ ኖሬአለሁ።

መስቀል ፍላወር አካባቢ የምንኖር ሰዎች ለቅዳሴ አንድ ቦታ አንሄድም። ወደ እስጢፋኖስ የሚወጣ አለ፤ ወደ ዑራኤል የሚሻገር አለ፤ ወደ ቂርቆስ የሚሄድም አለ። ነገሩ የሆነበትን ደብር አልጠራም፤ በየትኛውም ሊሆን ይችል ነበርና። አንዲት የሠፈራችን እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። ደስ ሲለው ይጮኻል፤ ሲጨንቀውም ይጮኻል። ልዩነቱን የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት። ቃጭሉ ሲመታ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ይዞ መዝለልና መጮኽ ጀመረ። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዷ «ምናለ ብትቆጣው!» አለች። አንድ አዛውንት ጋኔን ነው አሉ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ግን ገላመጥኳት። ዐይኔ በሩን አሳያት። ልጇን አቅፋ ወጣች። እውነቱን ልናገርና፣ ጸጥ በማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አላየኋትም።

በዓመቱ መጻጉዕ ሲነበብ ግን ያ መልስ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ውድ አንባቢ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ስናይ መጀመሪያ በልባችን የሚመጣው ጥያቄ ምንድን ነው? «የማን ኃጢአት ነው?» አይደል? ደቀ መዛሙርቱም ጠይቀውታል። ከእናቱ ማኅፀን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ አሉ (ዮሐ. 9)። ጌታ ሁለቱንም አይደሉም አለ። «መጻጉዕን ግን ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆታል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ያን የተናገረው ልብና ኩላሊትን የሚመረምር እርሱ ነው፤ ለጎረቤታችን እንድንናገረው ለእኛ አልተሰጠንም። ደግሞም እርሱ የተናገረው ሰውየውን ካነሣው በኋላ ነው። እኛ ሳናነሣ ነው የምንናገረው።

ሐኪሞችስ ምን ይላሉ? ዳውን ሲንድረም ከአንድ ትርፍ ክሮሞዞም እንደሚመጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ኦቲዝም ደግሞ ገና በማኅፀን የሚጀምር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፤ በዘር የሚተላለፈው ድርሻም ትልቅ ነው። በምዕራቡ ዓለም እንኳ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተማሩ ሐኪሞች «የእናት ፍቅር ማነስ ያመጣው ነው» እያሉ ስንቷን እናት አስለቅሰዋል። በኋላ ስሕተት መሆኑ ታወቀ። ጸበል ይቅር እያልኩ አይደለም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ጸበል የሚወስድ ሰው ሐኪምና አስተማሪ ጋ መሄድ ለምን ያፍራል?

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ የዚያችን እናት ቤት አንኳኳሁ። ጾም ነው፤ ከቤቷ የዕንቁላል ጥብስ ሽታ ይወጣል። ገና ሳልቀመጥ ታስረዳኝ ጀመር። ልጇ ከዕንቁላልና ከነጭ ዳቦ ሌላ ምግብ ወደ አፉ አያስጠጋም፤ ሌላ ሲሰጡት ሁለት ቀን ሙሉ ጦሙን ያድራል። እንዲህ ያሉ ልጆች የምግብ ሽታው፣ ልስላሴው፣ ቀለሙ እንኳ ሊያስጨንቃቸው እንደሚችል ያሳደጓቸው ያውቁታል። የንስሐ አባቷ «ሕመምተኛ ነው፣ አብይው» ብለዋታል። ጎረቤት ግን በሑዳዴ የዕንቁላል ሽታ ሲሸተው የሚለውን ይላል። እሷ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ መስኮቱን ዘግታ ትጠብሳለች። ቤተ ክርስቲያን ለሕፃናትና ለሕሙማን ያቀለለችውን ጾም እኛ በአፋችን አከበድንባት። ሥጋውንና ወተቱን ትተን ሰው እየበላን ነበር ማለት ነው።

በአገራችን ይህን ነገር አደባባይ ካወጡት ሰዎች አንዷ ዘሚ የኑስ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፋለች። ልጇ ኦቲዝም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ያን ጊዜ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነበር። በኋላም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል መጣ፤ ዳውን ሲንድረም ላለባቸውም ዲቦራ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ተሞክሯል፤ በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ ልጅን ማስተማር የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ በር ያንኳኩት ወላጆች ናቸው። ሕጉም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲደግፍ ያዛል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን አዋጅ በቅዳሴ ሰዓት ልጅ አይዝልንም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ስንረዳ ምስጋና እንወዳለን። ሳንቲም የሰጠነው ነዳይ ቀና ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ካላለን ቅር ይለናል። እንዲህ ያለ ልጅ ግን ዐይንህን ላያይ ይችላል። ስሙን ብትጠራው ላይዞር፣ ብታቅፈው ሊገፋህ ይችላል። ታዲያ ይኼን ምን ብለን ነው የምንወደው? አባቶቻችን ሲያስተምሩ፣ በሐና ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ያው የዳነው መጻጉዕ ነው ይላሉ። ጌታችን ያን እጅ የሚሠራውን እያወቀ ነው አልጋውን እንዲሸከም ያጸናው። መጻጉዕ ክፉ ሆነና መታ፤ ልጁ ደግሞ ጨንቆት ነው የሚመታው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለመልካም ሥራችን ግን «ቢያመሰግነኝ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ እንደማንችል ከዚህ ይገባኛል።

ያቺ እናት ሻይ አፍልታ ካቀረበች በኋላ ከሁሉ የከበደውን ነገረችኝ። የዛሬውስ ያልፋል አለች፤ እሷን የሚያስፈራት ከእሷ በኋላ ያለው ነው። ልጅ እኮ ያድጋል። መጻጉዕም 38 ዓመት የቆየው ማንም ሳያነሣው ነው። እስቲ የራሳችንን እድር አስቡት። አንዲት እናት ስትሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ቀብሯን አሳምረን እንቀብራለን። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሣል። ቤቱ ውስጥ የቀረውን፣ ልብሱን ብቻውን መልበስ የማይችለውን የ30 ዓመት ልጇን ማን ያለብሰዋል? በየእድራችን ለሟች የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ለዚህ ልጅ የሚሆን አንድ አንቀጽ ግን እኔ ባለሁበት እድር የለም፤ ባለፈው ስብሰባ አንሥቼው «ይታይ» ተብሎ ታልፏል።

ቀድሞ ይህን ሥራ ሠፈር በዝምታ ይሠራው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ሰው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ቤት የተሰጠው ቤት አገኘ። ነገር ግን መንገድ ሲጠፋው እጁን ይዞ የሚመልሰውን ባለ ሱቅ፣ በስሙ የምትጠራውን ጉልት ሻጭ የለመደ ሰው በአዲሱ ቦታ ከዜሮ ይጀምራል። አዲስ ጎረቤት የመጣላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ በሩ የማይከፈት ቤት ካያችሁ እባካችሁ አንኳኩ።

እኔ ምን ላድርግልሽ ብዬ ጠየቅኋት። ገንዘብ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እሑድ ለቅዳሴው ያህል ብቻ ልጄን ይያዙልኝ» አለች።

አምና በመጻጉዕ ዕለት ከልጁ ጋር ከግቢው ጽድ ሥር ተቀመጥን። ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። ልጁ አላየኝም። የጋቢዬን ዘርፍ ይዞ ሲጠመዝዝ ቆየ። አንድ ጊዜ ቃጭሉ ሲመታ ደንግጦ በመዳፉ ፊቴን መታኝ፤ ከዚያ ተመልሶ ጋቢዬን ያዘ። ሕዝቡ ሲወጣ እናቱን ፈለግኋት። በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ ቀስ እያለች ወደ እኛ ስትመጣ አየኋት። ቆርባ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።