ባልንጀራ ያመጣው ጠባይ ነው ወይስ ጠባይ ያመጣው ባልንጀራ?



ምእመናን ሆይ፤ ልጁ ሰላትን ትቶ በቁማር ቤት የተገኘበት አባት አስቀድሞ የሚናገረው ቃል የታወቀ ነው፤ «ልጄን ያበላሸው የእገሌ ልጅ ነው» ይላል። ከዚያም በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ ይቋረጣል፤ በገበያም አንዱ ለሌላው ዱቤ መስጠቱን ይተዋል። የሚያስገርመው፥ የዚያኛው ልጅ አባትም ያንኑ ቃል መልሶ መናገሩ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት ሐዲሶች ተላልፈውልናል። በአንደኛው መልካሙን ባልንጀራ በሚስክ ሽቶ ሻጭ፥ ክፉውን ደግሞ ወናፍ በሚነፋ ሰው መስለውታል፤ የቀረባቸው ሁሉ ወይ መዓዛውን ወይ ፍንጣሪውን ሳያገኝ አይመለስም። በሁለተኛው ነፍሶች እንደ ተሰለፈ ሠራዊት መሆናቸውን፥ የሚተዋወቁት እንደሚዋደዱ፥ የማይተዋወቁትም እንደሚለያዩ አስተምረዋል። ፊተኛው ባልንጀራ ባልንጀራውን እንደሚለውጥ ይነግረናል፤ ኋለኛው ግን አስቀድመው የሚመሳሰሉት እንደሚፈላለጉ። ብዙ ሰው ፊተኛውን ይዞ ኋለኛውን ይረሳል፤ ወቀሳን ከራሱ ቤት ወደ ጎረቤት የሚያሻግርለት ፊተኛው ይመስለዋልና።

ሚዛን የሚያጎድሉ ሁለት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ብታይ፥ አንዱ ሌላውን አስተምሮት እንደ ሆነ ወይም ሁለቱም ማጉደልን ወደው ተፈላልገው እንደ ሆነ ከአቀማመጣቸው ልታውቅ አትችልም። ማን አስቀድሞ ጀመረ ብለህ ብትጠይቅም አይበቃህም፤ የልብ ዝንባሌ ከሥራ በፊት ይኖራልና።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው ሰዎቹ ራሳቸው ባልተመራረጡበት ስፍራ ነው። ነቢዩ በመዲና ባልደረቦቻቸውን በወንድማማችነት ባስተሳሰሩ ጊዜ፥ ከፋርስ የመጣውን ሰልማንን ከመዲናዊው ነጋዴ ከአቡ ደርዳእ ጋር አጣመሩት። ቡኻሪ እንደ ዘገቡት፥ ሰልማን ወንድሙን ሊጎበኝ ሲሄድ የአቡ ደርዳእን ሚስት ያረጀ ልብስ ለብሳ አገኛት፤ ባሏ በዱንያ ጉዳይ አሳብ እንደሌለው ነገረችው። ምግብ በቀረበ ጊዜ ሰልማን፥ አቡ ደርዳእ ካልበላ እርሱም እንደማይበላ ተናግሮ የሱና ጾሙን አስፈታው። ሌሊቱን ሁሉ ሊቆም ሲነሣም እንዲተኛ አደረገው፤ በመጨረሻው የሌሊት ክፍል ግን አብረው ሰገዱ። ለጌታው፥ ለነፍሱና ለቤተሰቡ ለእያንዳንዱ ሐቁን እንዲሰጥ መከረው፤ ነቢዩም ሰልማን እውነት መናገሩን መሰከሩለት። ይህ መመሳሰል አይደለም፤ መለወጥ ነው።

እንግዲህ ባልንጀራ ኃይል የለውም አንልም። ዳሩ ግን ልጁ ራሱ ቁማርን ፈልጎ የሄደ ከሆነ፥ አንዱን ባልንጀራ ብታባርርበት ሳይመሽ ሌላ ያገኛል። ያለ ማስረጃ የሰውን ልጅ አጥፊ ብሎ መክሰስም ቡህታን ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ዕዳ ከቁማሩ ዕዳ የሚያንስ አይደለም።

አብሮ በመቀመጥ ብቻ የሚፈርድ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት ከነቢዩ አጎት ከአቡ ጣሊብ ሞት ማየት ይቻላል። ሊሞት ባጣጣረ ጊዜ አቡ ጀህልና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ኡመያ ባጠገቡ ሆነው የአባቱን ሃይማኖት እንዳይተው በአንድ ቃል ይገፋፉት ነበር። ያን ቀን ያያቸው ሁለቱን አንድ ነፍስ ባላቸው ነበር። አቡ ጀህል በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ከነክህደቱ ተገደለ። ዐብዱላህ ግን በ8ኛው ዓመት ሰለመ፤ በዚያው ዓመት በጣኢፍ ከበባ ከሙስሊሞች ጋር ተሰልፎ ወደቀ።