ስካርፓ የተወው ክፍተት

ኢጣሊያዊውን አርክቴክት ካርሎ ስካርፓን ሳስብ ቀድሞ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ከገነባው ይልቅ ሳይነካ ያለፈው ቦታ ነው። ቬሮና ውስጥ ካስቴልቬኪዮ የሚባለውን የጥንት ምሽግ ለሙዚየምነት ሲያድስ፣ አዲሱን ወለል ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አላጣበቀውም። ወለሉ ግድግዳው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ዳር ዳሩን ነጣ ያለ ድንጋይ እንደ ሸማ ጥለት ዞሮታል፤ ከዚያ ወዲያ ጠባብ ክፍተት አለ። ግድግዳው የራሱ ዘመን አለው፣ ወለሉም የራሱ። አንዱ ሌላውን ለመምሰል አይሞክርም።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ከእሱ በፊት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ግቢውን ያደሱት ሰዎች ከፈረሱ ቤተ መንግሥቶች የተነቀሉ ጎቲክ መስኮቶችን አምጥተው የናፖሊዮን ዘመን የጦር ሰፈር ፊት ላይ ተክለው ነበር። ስካርፓ ይህን የውሸት ጌጥ አውቆ አላፈረሰውም። የራሱን መስኮቶች ከጀርባው፣ የጎቲኩን ሥርዓት ሳይከተሉ አቆማቸው። ውሸቱም ቢሆን የታሪክ አካል ሆኗልና ይታይ ያለ ይመስለኛል። የሰፈሩን ጫፍ ግን አፍርሶታል፤ በተከፈተውም ቦታ የቬሮና ገዥ የነበረውን የካንግራንዴ ዴላ ስካላን የ14ኛው ክፍለ ዘመን የፈረሰኛ ሐውልት በኮንክሪት ድጋፍ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ጎብኚው ከታችም፣ ከጎንም፣ ከመተላለፊያውም ደጋግሞ ያገኘዋል።

ስካርፓ በ1906 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ተወለደ፤ በ1926 ከከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተመረቀ። የአርክቴክትነት ፈቃድ የሚያስገኘውን ፈተና ግን ዕድሜውን ሙሉ አልተፈተነም። ከ1932 እስከ 1947 ከቬኒኒ የመስታወት ፋብሪካ ጋር ሙራኖ ላይ ሠራ፤ እጅና ዕቃ የሚነጋገሩበትን መንገድ በደንብ የተማረው እዚያ ይመስለኛል። በኋላም ከእንጨትና ከብረት ባለሙያዎች ጋር፣ በተለይ ከዛኖን ቤተሰብ ብረት ሠራተኞች ጋር፣ ዓመታት አብሮ ሠርቷል። በ1956 የኦሊቬቲ የአርክቴክቸር ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ያለ ፈቃድ ይሠራል ተብሎ ተከሰሰ። ክሱን ቀልድ ብሎ ማለፍ አልችልም፤ ሕንፃ ሰው ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ፈቃድ መኖሩ ተገቢ ነው። ብቻ ሕጉ ሊመዝነው የማይችል እውቀት እንዳለ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ቬኒስ ውስጥ በ1961 እና በ1963 መካከል የኩዌሪኒ ስታምፓሊያን ቤት ምድር ቤት ሲያድስ ችግሩ ውሃ ነበር። ባሕሩ ሲሞላ ወደ ቤት ይገባል። ሌላ ሰው ቢሆን በር ይዘጋ ነበር። እሱ መንገድ አበጀለት፤ ውሃው በግድግዳው ሥር በተሠራለት ቦይ እየገባ ይወጣል፣ ሰው ከፍ ባለው ወለል ላይ ይሄዳል። እንግዲህ ካስቴልቬኪዮ ላይ ያየነው ክፍተት እዚህ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

እንከን የለበትም አልልም። ደረጃ ደረጃ የሆነውን የኮንክሪት ጌጡን እስኪሰለች ድረስ ይደጋግመዋል። ሥራው ቀርፋፋ ነው፣ ውድም ነው፤ ተራ ሰው ሊያሠራው የሚችለው አይደለም። ለምሳሌ የሳን ቪቶ ዳልቲቮሌን መቃብር ያሠራችው የብሪዮንቬጋ የሬድዮና ቴሌቪዥን ፋብሪካ መሥራች የጁዜፔ ብሪዮን ባለቤት ኦኖሪና ነበረች። ባሏ በ1968 ሲሞት ስካርፓን ጠራችው። እሱም የሁለቱን የመቃብር ሣጥኖች በኮንክሪት ቅስት ሥር፣ ዘንበል ብለው እርስ በርስ የሚደጋገፉ ያህል ጎን ለጎን አስቀመጠ። በመካከላቸው ግን አሁንም ክፍተት አለ። ይህን ሳስብ ሞትን እንደ መለያየት ብቻ ማየት ይከብደኛል።

የመቃብሩ ሥራ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በ1978፣ ስካርፓ ጃፓን ሴንዳይ ከተማ ውስጥ ከደረጃ ወድቆ በ72 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረውም እዚያው ሳን ቪቶ፣ በብሪዮን ቤተሰብ ቦታና በመንደሩ መቃብር መካከል ባለችው ጥግ ነው።

ፈቃድ ያልነበረው ሰው ከ1972 እስከ 1974 የቬኒስን የአርክቴክቸር ተቋም መርቷል። የዚያው ተቋም መግቢያ በር በ1985 የተሠራው በእሱ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ነው። የኢጣሊያ አርክቴክት ለመሆን የሚማሩ ወጣቶች ዛሬም በዚያ በር ይገባሉ።