የተሰረዘው የማን ነው?

ኮምፒዩተር መጠገን ሥራዬ አይደለም። ሥራዬ መምህርነት ነበር። ይሁንና በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ሲገባ መጀመሪያ የነካካሁት እኔ ስለ ነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ዘመድና ጎረቤት የተበላሸበትን ተሸክሞ ወደ እኔ መምጣቱን አልተወም። ብዙውን ጊዜ አቧራውን አራግፌ፣ አንዱን ሽቦ ነቅዬ መልሼ ሰክቼ እመልሳለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን እንደዚያ በቀላሉ ስላልተገላገልኩት አንድ ጉዳይ ነው።

የቆየ የሥራ ባልደረባዬና ወዳጄ አርፎ፣ አርባው በወጣ በሳምንቱ ሴት ልጁ አሮጌውን ኮምፒዩተር በታክሲ ጭና መጣች። አባቷ ለዓመታት የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍበት የኖረ ነው።

"ጋሼ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳ አለኝ" አለች። "አባዬ የጻፈው ሌላ ግልባጭ የለውም። ያለውን ሁሉ ያውጡልኝ።"

"ሁሉ" የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ ልብ አላልኳትም።

የታመመ ሃርድ ዲስክ በመጀመሪያ በጆሮ ነው የሚመረመረው። ውስጡ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ አንባቢው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከጸጉር ውፍረት በሺህ እጥፍ በሚያንስ ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ያ ጫፍ ተጎድቷል ማለት ነውና፣ እንደ እኔ ያለው ሰው ወዲያው አጥፍቶ እጁን ቢሰበስብ ይሻላል፤ እያበሩ መሞከር የተረፈውን መፋቅ ነው። የወዳጄ ዲስክ ግን ድምፁ ጤነኛ ነበር። ነቅዬ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘሁትና፣ ምንም ሳልነካበት መጀመሪያ ሙሉ ግልባጩን ወሰድኩ። ለዚህ የተሠራ ፕሮግራም አለ፤ ጤነኛውን ቦታ አስቀድሞ ይገለብጥና የሚያስቸግረውን መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሞክረዋል። 20 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ።

ጥፋቱ የተገኘው ገና ከደጁ ላይ ነው። የዲስኩ የመጀመሪያዋ 512 ባይት ኮምፒዩተሩ እንዴት እንደሚነሳና ዲስኩ እንዴት እንደ ተከፋፈለ የሚነገርባት ናት። እሷ ስትበላሽ ማሽኑ "ምንም የለም" ይላል። ውስጡ ግን እንዳለ ነው፤ ቁልፉ የጠፋ ቤት እንጂ የተቃጠለ ቤት አይደለም። በማግስቱ ምዕራፎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

አብረዋቸው ግን ሌላም ነገር ወጣ። በዚህ ዓይነቱ አሮጌ የዲስክ አደረጃጀት ፋይል ሲሰረዝ በእውነት አይጠፋም። ከስሙ የመጀመሪያዋ ፊደል በአንዲት ምልክት ትተካለች፣ ቦታውም "ባዶ ነው" ተብሎ ይመዘገባል፤ ሌላ ጽሑፍ እስኪያርፍበት ድረስ ቃሉ እዚያው ተኝቷል። በድሮው የዶስ ዘመን የተሰረዘ ፋይል ሲመለስ ፕሮግራሙ የጎደለችውን ፊደል ሰውየው ራሱ እንዲሞላት ይጠይቅ ነበር። (በዛሬዎቹ ብዙ ዲስኮች፣ በተለይም የሚሽከረከር አካል በሌላቸው፣ የተሰረዘው ብዙ ሳይቆይ በእርግጥ ስለሚጸዳ እንዲህ ያለ ፈተና እምብዛም አይገጥምም።)

ከተሰረዙት መካከል አንዱ የአራተኛው ምዕራፍ ሌላ መልክ ነበር። ሳላስበው ዓይኔ አረፈበት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆናል። ወዳጄ የሚጽፈው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ፊደላችንን ከመቀበሉ በፊት በተሠራ የአማርኛ ፕሮግራም ስለ ነበር፣ ትክክለኛው ፊደል ካልተጫነ በቀር ጽሑፉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ያንን ፊደል ፍለጋ ግማሽ ቀን ደክሜአለሁ። በእርግጥ ምዕራፎቹ ደህና መውጣታቸውን ለማረጋገጥ ያስፈልገኝ ነበር። የተሰረዘውን ለመክፈት ግን ማንም አላስገደደኝም።

በተቀመጠው ምዕራፍ ላይ፣ በ1970 ዓ.ም. አንድ መምህር ከትምህርት ቤታችን ተወስዶ ሲቀር "ሁላችንም ዝም አልን" ይላል። በተሰረዘው ላይ "ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜአለሁ" ይላል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የተሰረዘው በኋላ የተጻፈ ነው። የተቀመጠው ምዕራፍ ከተዘጋ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው የጻፈው መሆኑን ቀኑ ይመሰክራል። መቼ እንደ ሰረዘው ግን ዲስኩ አይመዘግብም። በማግሥቱ ይሁን፣ ወይስ በመጨረሻው ሳምንት?

እንግዲህ አንባቢ ፍረደኝ። ልጅቱ "ሁሉ" ብላለች፤ ወራሽም ናት። ነገር ግን ሰው አባቱ ቀዶ የጣለውንም ይወርሳል? ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሞት ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉ ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ አደራ ብሎ ነበር፤ ብሮድ አላቃጠለም፣ በዓመቱም "ችሎቱ" የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ዓለም ብሮድን ያመሰግነዋል። እኔን ግን ይህ ምስጋና ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። የምናመሰግነው መጽሐፉ ድንቅ ሆኖ ስላገኘነው ነው፤ ተራ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አደራ በላ እንለው ነበር። አደራ የማክበር ግዴታ በጽሑፉ ውበት ይለካል እንዴ?

የአርኪሜዲስን ጽሑፍ አስቡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ብራናው ተፍቆ ጸሎት ተጻፈበት፤ በእኛ ዘመን በልዩ ልዩ ብርሃን የተፋቀው ተነበበ። የፋቂውን ፈቃድ የጠየቀ የለም፣ መጠየቅም አላስፈለገም። ምክንያቱም የፋቀው የሌላውን ቃል ነው። ወዳጄ ግን የፋቀው የራሱን ነው።

የራሱን ብቻ ነው ወይ? የዚያ መምህር ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ በልቅሶው ላይ አይቼዋለሁ። አባቱን ማን እንደ ከሰሰ ሳያውቅ እዚህ ዕድሜ ደርሷል። ያቺ አንዲት ገጽ ከሁላችን ይልቅ የሱ አይደለችም? በሌላ በኩል፣ ሰው በስተርጅና ራሱን ከሚገባው በላይ መክሰሱም ያለ ነው። ወዳጄ "ይህስ አልሆነም፣ አጋነንኩት" ብሎ ሰርዞት ቢሆንስ? የምጠይቀው ሰው የለም። እኔም በዚያ ጉባኤ አልነበርኩም፤ ዝም ካሉት ውስጥ ግን ነበርኩበት። ይህንን ሳልናገር ፍርድ መጠየቄ ደግ አይሆንም ብዬ ነው።

ምዕራፎቹን በፍላሽ ዲስክ አድርጌ ሰጠኋት። አለቀሰች፣ እጄን ሳመችኝ።

"ሁሉም ነው ጋሼ?"

"አባትሽ ያስቀመጠው ሁሉ ነው" አልኳት።

ትንሽ አየችኝና ዝም አለች። ኮምፒዩተሩን ለአክስቷ ልጅ ልትሰጠው ስላሰበች፣ ዲስኩን አጽድቼ ዊንዶውስ እንድጭንበት ለመነችኝ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እነሆ አራተኛ ሳምንቱ፤ ኮምፒዩተሩ ከጠረጴዛዬ ሥር ነው፣ ግልባጩም በሌላው ዲስክ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየደወለች "ደረሰ ወይ?" ትለኛለች፤ እኔም "የሚቀር ነገር አለው" እላታለሁ።