ሰንበት ስንት ያወጣል?

እኛ የደምበጫ ገበሬዎች እሁድ ሞፈር አናነሣም፤ ለዕረፍታችን የሚከፍለንም የለም። ቡሬ ፋብሪካ የምትሠራው ልጄ ግን በሳምንት ዕረፍቷ ትርፍ ሰዓት ከሠራች የሰዓት ደመወዟ 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ 2.5 እጥፍ ይታሰባል፤ ይህን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የነገራት የሠራተኛ ማኅበሩ ነው። «አባዬ፣ መዋጮዬ ለዚህ ነው» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ግን ዋጋ የወጣለት ሰንበት ተሸጠ ማለት ነው? የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «በሬህም ያርፋል፤ እሱን ማን ጠየቀው?» አሉኝ። ሕጉ ቀኑን ያስወደደው አሠሪው እንዳይዳፈረው ይመስለኛል፤ ችግሩ፣ ብር ያጠረው ሠራተኛ ራሱ ይሽቀዳደማል። ብቻዋን እምቢ የምትል ልጅ ደግሞ ትፈራለች፤ ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት 10 ሠራተኛ ይበቃል፤ ከጽዋ ማኅበራችን ያነሰ ቁጥር ነው!

ለትንሣኤ ተረኛ ናት። ዶሮውን እናቷ ለሰኞ ታሳድርላታለች።